ማዕድ ያደራጁ፣ መንግሥት ያጸኑ ንግሥት፦ የእሌኒ ሕይወት



የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ትዝ የሚለን ዘውዱና ጦርነቱ ነው። ንጉሡ እገሌን ድል አደረገ፣ ንግሥቲቱ ይህን ቤተ ክርስቲያን አሠራች እንላለን። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ምን ይበሉ ነበር? እህሉን ማን ይፈጭ ነበር? ውኃውንስ ማን ይቀዳ ነበር? ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። እኔም ብሆን በዩኒቨርሲቲ ስለ ቢዛንታይን ሰዎች የቤት ውስጥ ኑሮ የሚናገር ጽሑፍ እስካነብ ድረስ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ቢዛንታይን ማለት ዋና ከተማው ቁስጥንጥንያ የነበረ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የምሥራቅ ክርስቲያኖች መንግሥት ነው። የታሪክ ሊቃውንት የእነዚያን ሰዎች ጓዳ የሚያጠኑት ከኑዛዜ ወረቀት፣ ከቅዱሳን ገድል፣ ከገዳማት የመተዳደሪያ ደንብና ከአፈር ውስጥ ከሚወጣ የሸክላ ስባሪ ነው። ለምሳሌ ኤውስጣትዮስ ቦይላስ የተባለ አንድ ባለ ርስት በ1059 የጻፈው ኑዛዜ እስከ ዛሬ አለ። ለልጆቹ የሚያወርሰውን ርስት፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጣቸውን መጻሕፍትና ሥዕሎች ቆጥሮ ካስቀመጠ በኋላ ባሪያዎቹን ነጻ ማውጣቱንም ጽፏል። ከአንድ ኑዛዜ አንድ ቤት በሙሉ ይታያል።

ታዲያ የእኛስ? የእኛ አገር የመካከለኛው ዘመን ጓዳ የሚታይበት መስኮት የለም ወይ? አለ። ከእነዚህም መስኮቶች አንዱ የንግሥት እሌኒ ሕይወት ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እጠይቃለሁ።

ሀ/ ከሐድያ ወደ ቤተ መንግሥት

እሌኒ የሐድያ ሴት ናቸው። አባታቸው መሕማድ የሐድያ ገራድ ነበር፤ ገራድ የአገር ገዥ ማዕረግ ነው። ሐድያ በዚያን ጊዜ የእስላም ገዥዎች የሚያስተዳድሯትና ለክርስቲያኑ ንጉሠ ነገሥት የምትገብር አገር ነበረች። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የዐረብ ጸሐፊ አል ዑመሪ የሐድያ ሰዎች ሐኩና በሚባል የብረት ቁራጭ ይገበያዩ እንደነበረ መዝግቦልናል። የባሪያ ንግድም በዚያ ምድር ጠንካራ እንደነበረ ያው ጸሐፊ ይናገራል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እሌኒ ከ1434 እስከ 1468 ለነገሡት ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተዳሩ። ክርስትና ተነሥተው የቀኝ በዓልቲሐት፣ ማለት የቀኝ ንግሥት ሆኑ፤ የንግሥና ስማቸውም ዣን ዘላ ተባለ። ይህ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጋብቻ ብቻ አልነበረም። የሁለት አገሮች ውል ነበር፤ የውሉም ማሰሪያ የአንዲት ልጃገረድ ሕይወት ነው።

እስቲ ነገሩን ከጓዳ በኩል እንመልከተው። በአገራችን ክርስቲያንና እስላም ጎረቤታሞች በአንድ ዕድር ይቀበራሉ፣ በአንድ ሰርግ ይጨፍራሉ፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ባርኮ ይበላል። በእኛ በአሶሳ ሰርግ የደገሰ ሰው ለሌላው ወገን ለብቻ አሳርዶ ለብቻ ማሠራቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሃይማኖት የለወጠች ልጃገረድ ገበታዋም አብሮ ይለወጣል። ረቡዕና ዓርብን፣ ሃምሳ አምስቱን የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ሌላውንም ጾም ሁሉ አዲስ ትማራለች። በተለይ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዓል አክባሪ ንጉሥ ነበሩ። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ፣ የእመቤታችንም በዓላት እንዲበዙ ሥርዓት አውጥተዋል። ይህ ሁሉ ትእዛዝ በመጨረሻው የሚያርፈው ጓዳ ላይ ነው፤ መቼ እንደሚፈጭ፣ መቼ እንደሚጋገር፣ መቼ ቅቤ እንደሚገባና እንደማይገባ የምታውቀው የቤቱ ሴት ናትና።

የዘርዐ ያዕቆብ ቤት ደግሞ ቀላል ቤት አልነበረም። ንጉሡ ሊቅና ደራሲ ቢሆኑም ቁጣቸው ብርቱ ነበር። ጽዮን ሞገሳ የምትባለውን ሚስታቸውን ልጅሽን ለማንገሥ አሢረሻል ብለው አስደብድበዋት በዚያው ምክንያት ሞታለች። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሐድያ ዐመፀች። የዐመፁ መሪ ገራድ ማሒኮ የመሕማድ ልጅ፣ የእሌኒም ወንድም ነበር። ጭፍሮች ተከታትለው ገደሉትና ራሱን፣ እጁንና እግሩን ቆርጠው ወደ ንጉሡ አመጡ፤ በቤተ መንግሥቱም ታላቅ ደስታ ሆነ ይላል ዜና መዋዕሉ። እሌኒ በዚያ ቀን ምን እንደተሰማቸው ማንም አልጻፈልንም። ነገር ግን የወንድማቸው ሞት በዓል ሆኖ በተከበረበት ግቢ ንግሥት ሆነው መኖር ምን ማለት እንደሆነ እኅት ያለው ሁሉ ሊያስበው ይችላል።

ለ/ የቤተ መንግሥቱ ማዕድ

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1468 ዐረፉ። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ነገሡ፤ እስከ 1478ም ገዙ። በእደ ማርያም የዚያችው የጽዮን ሞገሳ ልጅ ናቸው። እናታቸውን ስላጡ እሌኒን እንደ እናታቸው ያከብሯቸውና ይወዷቸው ነበር፤ እሌኒም የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። እናት ያጣ ንጉሥና ልጅ ያልወለዱ ንግሥት በአንድ ግቢ ተገናኙ።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ የበእደ ማርያም ዜና መዋዕል ስለ እሌኒ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ጸሐፊው እሌኒ በሁሉ ነገር የተሟሉ እንደነበሩ ይናገራል። በእግዚአብሔር ፊት በጸሎትና በቅዱስ ቁርባን የጸኑ፣ በዓለም ሥራ ደግሞ ማዕድ በማዘጋጀት የታወቁ፣ መጻሕፍትን ያነበቡ፣ ሕግን የሚያውቁና የመንግሥትን ነገር የሚረዱ ነበሩ ይላል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ማዕድ ማዘጋጀት ከሕግ ዕውቀትና ከመንግሥት ምክር ጋር በአንድ መስመር ተቆጥሯል። ጸሐፊው ይህን ያለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። በዚያ ዘመን የንጉሥ ማዕድ የመንግሥት ሥራ ነበረና ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን ስንት እንጀራና ስንት ጠጅ እንደሚደርስ፣ የትኛው ሹም ምን እንደሚያቀርብ የሚወስን ሥርዓተ ግብር የሚባል ጽሑፍ ነበረ። በግብር ላይ የተረሳ ሹም ማግስቱን የሚሸፍት ሹም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማዕዱን የሚያውቅ ሰው አገሩን ያውቃል።

ይህ ማዕድ ምን ይመስል ነበር? ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ በ1520 መጥቶ ስድስት ዓመት በአገራችን ቆይቶ ያየውን ጽፏል። ንጉሡ በአንድ ከተማ አይቀመጡም፤ ከነሠራዊታቸው በድንኳን ይዘዋወራሉ። ድንኳኖቹ ግን ሥርዓት አላቸው። የንጉሡ፣ የንግሥታቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ፣ የገበያው ቦታ ሁሉ የታወቀ ነው። ማዕድ ቤቱም የቀኝና የግራ ተብሎ ተከፍሎ ከኋላ ይተከላል፤ የማዕድ ቤቱ ሠራተኞች የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። ወጡ የሚቀርበው ጥቁር ሆኖ በሚያብረቀርቅ የሸክላ ዕቃ ነው፤ የሚሸከሙትም ብላቴኖች ናቸው። አልቫሬዝ ጤፍንና ዳጉሳን በስማቸው ጠቅሷቸዋል። የጥሬ ሥጋ መብላትንም አይቶ ደንግጧል። ጠጁንም አይቷል።

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢ ሊደነቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእሌኒ ጓዳ ቀይ በርበሬ አልነበረም! በርበሬ፣ በቆሎ፣ ድንችና ቲማቲም የአሜሪካ ምድር ተክሎች ናቸው፤ ኮሎምቦስ ወደዚያ የደረሰው በ1492 ስለሆነ ወደ እኛ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የንግሥቲቱ ወጥ እኛ የምናውቀው ቀይ ወጥ ሊሆን አይችልም። የሚያቃጥል ነገር ሲፈለግ ዝንጅብል፣ ሰናፍጭ፣ ጥምዝና ከሩቅ የሚመጣ ቁንዶ በርበሬ ነበረ። ቁንዶ በርበሬ እጅግ ውድ ስለነበረ የፖርቱጋል መልእክተኞች ለንጉሡ ካመጡት ገጸ በረከት አንዱ እርሱ ነበር። የቡና ሥርዓትም አልነበረም፤ ቡና በክርስቲያኑ ቤት በሰፊው የተለመደው ገና በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ከጥንት የወረስነው የሚመስለን ገበታ ብዙው አዲስ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ሐ/ ወፍጮው ሥር የተቀመጡት

ባለፈው ክረምት ወደ አሶሳ ለዕረፍት ስመለስ ይህን ሁሉ ለአያቴ አጫወትኳት። አያቴ በ1977 ዓመተ ምሕረት ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ የመጣች ናት። ወፍጮ ቤት በሠፈሩ ባልነበረበት ጊዜ ከበርታዋ ጎረቤታችን ጋር በአንድ ድንጋይ ወፍጮ እየተፈራረቁ ማሽላ ይፈጩ እንደነበር ዘወትር ትነግረናለች። ስለ ንግሥቲቱ ማዕድ በደስታ ነግሬያት ስጨርስ አያቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሠራዊት እህሉን ማን ፈጨው አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ሁሉ በዚህ ጥያቄ መልሼ አየሁት። ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን እንጀራ የሚሆን እህል በእጅ ለመፍጨት አንዲት ሴት ሰዓታት ተንበርክካ ትውላለች። ለሺህ ሰው ግብር የሚሆነውን ደግሞ አንባቢ ያስላ። ይህን ሥራ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ባሪያና ስለ ነጻ ማውጣት ደንብ የያዘ አንቀጽ አለው። አልቫሬዝም ከዳሞት የሚወሰዱ ባሪያዎች በእስላም ነጋዴዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ እንደነበሩ ጽፏል። እሌኒ በተወለዱባትም በሐድያ፣ ንግሥት በሆኑበትም ግቢ ባርነት የተለመደ ነገር ነበር።

ይህ ነገር ለእኛ ለዚህ ክልል ልጆች ሩቅ ታሪክ አይደለም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው። ከእነዚህ በተለይ ጉሙዞችና በርታዎች በሱዳን በኩልም በደጋው በኩልም ለዘመናት ለባሪያ ፈንጋዮች ተጋልጠው ኖረዋል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በጉሙዝ ላይ የተደረገው ዘመቻ በራሱ በንጉሡ ዜና መዋዕል ተጽፏል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ አሶሳን በገዙት በሼክ ሖጀሌ አል ሐሰን ዘመንም ይህ ንግድ ነበረ። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። እንግዲህ በደጋ ቤቶች ወፍጮ ሥር ተንበርክከው ከኖሩት ብዙዎቹ የእኛ የጎረቤቶቻችን ቅድመ አያቶች ናቸው።

ስማቸው በዜና መዋዕል የለም። ነገር ግን ፈጽሞ ጠፍተዋል ማለት አይደለም። አልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባል የተባለ የእስጳንያ የአርኪዮሎጂ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ክልላችን እየመጣ የጉሙዙን፣ የማኦውንና የሌላውን ሕዝብ ቤት፣ እንስራና የምድጃ ድንጋይ አጥንቷል፤ በ2014ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትሟል። የሊቁ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ያልጻፈ ሕዝብ ታሪኩን በዕቃውና በቤቱ ሥራ ይዞ ይኖራል። የቢዛንታይንን ጓዳ ከሸክላ ስባሪ ያነበቡት ሊቃውንትም የሠሩት ይህንኑ ነው። እኛ በየቀኑ የምናልፈው የተጣለ የወፍጮ ድንጋይ የሚነበብ ነገር መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ጊዜ ነው።

መ/ የመንግሥት ምክር

ወደ እሌኒ እንመለስ። ከበእደ ማርያም በኋላ ሕፃኑ እስክንድር፣ ከእርሱም በኋላ ዐፄ ናዖድ ነገሡ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ እሌኒ ከምክር አልተለዩም። በ1508 ዐፄ ልብነ ድንግል ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ሳሉ ሲነግሡ መንግሥቱን በሞግዚትነት የያዙት እሌኒ ናቸው። በዚያን ጊዜ በዕድሜ ገፍተው ነበር። እስላም ተወልደው ክርስቲያን የሆኑት እኒህ ሴት ከአዳል ጋር ንግድና ሰላም ይሻላል የሚል አሳብ ነበራቸው። ይሁን እንጂ በቀይ ባሕር በኩል የሚነሣው ኃይል አሳስቧቸው ስለነበረ በ1509 ማቴዎስ የሚባለውን አርመናዊ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩት። የመስቀሉ ግማድ ያለበት ትንሽ መስቀልም ላኩ። በደብዳቤው የሁለቱ ነገሥታት ልጆች እንዲጋቡ፣ ጦራቸውም እንዲተባበር ጠየቁ። ኢትዮጵያ መርከብ እንደሌላት ሳይደብቁ፣ መርከብ ያለው ቢመጣ እኛ ደግሞ ሰውና ስንቅ እንሰጣለን የሚል ቃል ኪዳን ገቡ። ማዕድ የሚያውቁ ሰው መሆናቸው እዚህም ይታያል፤ ጦር ያለ ስንቅ እንደማይቆም ያውቃሉና።

ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ ሊዝቦን የደረሰው በ1514 ነው። መልሱን ይዘው የመጡት መልእክተኞች በ1520 ምጽዋ ሲደርሱ ማቴዎስ ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ወጣቱ ንጉሥም በራሳቸው ኃይል መታመን ስለ ጀመሩ እንግዶቹን በቅዝቃዜ ተቀበሉ። የዘራ አንዱ፣ አጭዶ የሚጠቀም ሌላው ይሆናል። አገሪቱ በግራኝ አሕመድ ጦር በተጨነቀች ጊዜ፣ በ1541፣ የፖርቱጋል ወታደሮች የመጡት በዚያ በተከፈተ መንገድ ነው። እሌኒ ግን ያን አላዩም።

እሌኒ ሁለት መንፈሳውያን መጻሕፍትን እንደ ደረሱ ተጽፏል። በጎጃም ርስታቸውም መርጡለ ማርያምን አሠርተዋል። ይህች ቤተ ክርስቲያን በጌጧ የታወቀች ነበረች፤ በግራኝ ዘመን ግን ተዘረፈች፤ የተቀረጸው ድንጋይ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያል። ከዚያ ወገን ያለውን ምድር ያቅፎ የሚወርደው ዐባይ ዞሮ ወደ እኛ ክልል ይገባል፤ ጉባ ላይ የተገደበውም ያው ውኃ ነው። ስለዚህ መርጡለ ማርያምንና እኛን አንድ ወንዝ ያገናኘናል።

እሌኒ በ1522 ገደማ ዐረፉ። አልቫሬዝ በአገሩ ነበረና ልቅሶውን መዝግቧል። ሕዝቡ እርሳቸው ሲሞቱ ትልቁም ትንሹም አብሮ እንደሞተ፣ ለሁሉም አባትና እናት እንደነበሩ እያነሣ ያለቅስ ነበር። በአራት ነገሥታት ዘመን ምክራቸው የተሰማ፣ ያልወለዱ እናት እንዲህ ተለቀሰላቸው።

ሠ/ ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ የቤት ሥራ የዕውቀት ክፍል መሆኑን እንማራለን። የእሌኒ ዘመን ጸሐፊ ማዕድ ማደራጀትን ከሕግና ከመጽሐፍ ጋር ከቆጠረ፣ ዛሬ እኛ ወንዶች ልጆች የእናቶቻችንንና የእኅቶቻችንን ድካም እንደ ተራ ነገር ማየታችን ከ15ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ኋላ መቅረት ነው። ዕቃ ማጠብና ውኃ መቅዳት ከእኔ ይጀምር ብዬ ወስኛለሁ።

ሁለተኛ፣ ከሌላ ሃይማኖትና ከሌላ ሕዝብ የመጣ ሰው ለቤቱ ምሰሶ ሊሆን እንደሚችል እንማራለን። በተለያየ ገበታ መብላት የአንድን ጎረቤት ልጅ ባዕድ አያደርገውም።

ሦስተኛውና ለእኔ ከባዱ ይህ ነው። ታላቅ ሰውን ስናመሰግን ከገበታው በታች የነበሩትን መርሳት የለብንም። የእሌኒን ጥበብ አደንቃለሁ፤ ነገር ግን የአያቴን ጥያቄ ሳልመልስ ብቀር አድናቆቴ ጎደሎ ነው። እህሉን የፈጩትን በስማቸው ልንጠራቸው አንችልም። ልናደርግ የምንችለው ልጆቻቸው ዛሬ አብረውን በአንድ ክፍል ሲማሩ፣ በአንድ ጉድጓድ ውኃ ሲቀዱ፣ በክብር መቀበል ነው። የድሮ ስድብ ስሞችንም ከአፋችን እናውጣ።

ውድ አንባብያን፤ እያንዳንዳችን በቤታችን ያሉትን አረጋውያን ምን ትበሉ ነበር፣ ማን ይፈጭ ነበር ብለን ብንጠይቅና ብንጽፍ ከጥቂት ዓመት በኋላ የአሶሳ ጓዳ ታሪክ በእጃችን ይኖራል። እኔ ከአያቴ ጀምሬያለሁ፤ ቀጥሎ በርታዋን ጎረቤታችንን እጠይቃለሁ። እናንተስ?